ብቻዋን ለመጣች ልጅ በሩን ለዘጉት ርእሰ መምህር

ጥር 22 ቀን 1989 ዓ.ም.
ጋምቤላ

ለክቡር ርእሰ መምህር አቶ ዘርአብሩክ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወበቁ በርትቷልና የቢሮዎ ማራገቢያ እንዳይቆምብዎ፣ ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ እንቅልፍዎም ሙሉ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ወንዳፈረው እባላለሁ። በከተማችን ሆስፒታል በተመላላሽ ክፍል ጤና ረዳት ነኝ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው፣ ከዚያም መሆኗ የቀረው፣ አሁን ደግሞ በመልካም ፈቃድዎ እንደገና ተማሪ የሆነችው የመቅደላዊት አባት ነኝ። ባለፈው ቢሮዎ በገባሁ ጊዜ «አቶ ማን ነበሩ?» ብለው ሦስት ጊዜ ስለጠየቁኝ፣ ዛሬ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው ይህን ያህል ያብራራሁት።

ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ በመላክ ፈንታ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። ክቡርነትዎ ስለ ልጆቻችን የወሰኑትን ሁሉ የነገሩን ከበሩ አጠገብ ባለው ኒም ዛፍ ላይ በሚስማር እየመቱ ስለሆነ፣ ይህ የትምህርት ቤቱ የመልእክት መንገድ ነው ብዬ ተቀብያለሁ።

አስቀድሜ ላመሰግንዎ የሚገባኝ ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ወላጆችን ሰብስበው ስላደረጉልን ንግግር ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመው፣ ክልላችን ራሱን በራሱ ማስተዳደር እንደጀመረ፣ ከእንግዲህ ልጆቻችንም ራሳቸውን የቻሉ ዜጎች ሆነው ማደግ እንዳለባቸው አስተማሩን። «ልጃችሁን አትሸከሙ፤ እግር አለው» ያሉትን ዛሬም አልረሳሁትም። ከኋላ የተቀመጡት ያንቀላፉ ነበር፤ እኔ ግን ሰማሁዎት። ይባስ ብዬም አመንኩዎት። ጥፋቴ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ማመኔ ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለቤቴ መምህርት ጽጌ ከመስከረም ጀምሮ ወደ ጎግ ወረዳ ተዛውራለች፤ በወር አንድ ጊዜ መኪና ሲገኝ ትመጣለች። እኔ እንደሚያውቁት በሙቀቱ ምክንያት ሥራ የምገባው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የትምህርት ቤትዎ በር የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በመካከል ባለው አንድ ሰዓት በቤታችን ውስጥ ከአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ በቀር ማንም የለም። ስለዚህ እንደ ንግግርዎ ልጄ እግር ብቻ ሳይሆን እጅም እንዳላት ላስተምራት ቆርጬ ተነሣሁ።

ጳጉሜን አምስቱንም ቀን በዚህ አሳለፍን። ገና በደንብ አታነብም ነበርና ግድግዳው ላይ በከሰል አምስት ሥዕል ሣልኩላት፤ መታጠቢያው፣ ልብሱ፣ ቁርሱ፣ ጫማው፣ የቤቱ ቁልፍ። ሥዕሌ ክፉ ስለነበረ ጫማው ዓሣ መስሏት ጠዋት ጠዋት ዓሣ እንበላለን ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መቆም ነበረብኝ። ክቡር ሆይ፣ ልጅ አንዲት አዝራር እስክትቆልፍ ቆሞ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ በንግግርዎ ውስጥ አልነገሩንም። ሃያ ዓመት ቁስል ያጠበና ያሰረ እጄ አንድ አዝራር አለመንካት አቃተው። ጣቷ ከቀዳዳው ሲስት እኔ ነበርኩ የሚያልበኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ሸሚዟን ገልብጣ ለበሰች። በሁለተኛው ቁርሷን ረስታ ወጣች። በሦስተኛው በሩን መቆለፏን ተጠራጥራ ከመንገድ ተመለሰች፣ ገፍታ አየችው፣ ተቆልፎ ነበር፤ ማታ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ የትልቅ ሰው ነበር።

መስቀል ሲደርስ ሁሉንም ቻለች። ሰዓት ማንበብ ስለማትችል የጎረቤታችን የአቶ ረድዋን ሬዲዮ የጠዋቱን ዜና ጨርሶ ሙዚቃ ሲጀምር ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አጥልቃ ትወጣለች። ማዕዘኑ ላይ አጁሉ ትጠብቃታለች። አጁሉ አሥር ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ እናቷ ጎህ ሲቀድ ሕፃኗን አዝላ በወንዙ ዳር ወዳለው የበቆሎ ማሳዋ ስለምትወርድ፣ ይህች ልጅ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያለ ማንም እርዳታ ተነሥታ ለብሳ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። በግድግዳዬ ሥዕል ተኩራርቼ ለእናትየዋ ባሳየኋት ጊዜ ለረጅም ጊዜ አይታ፣ «ሥዕል ለምንድነው? ልጅ ያያል፣ ይሠራል» አለችኝ። እኔ ካንድ ስብሰባና ከአምስት ሥዕል የተማርኩትን እሷ ድሮውኑ ታውቀው ነበር።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ዝርዝር ልግባ።

አንደኛ፣ በጥቅምት ወር አንድ ማክሰኞ ስለሰጡን ትምህርት አመሰግናለሁ። በዚያ ጠዋት መቅደላዊት ከላይ አንድ ቀዳዳ ዘልላ ኖሮ ሸሚዟ በአንድ በኩል ረዝሞ ነበር። ክቡርነትዎ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ጋር በሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆመው ሳለ ዓይንዎ አረፈባት። ከሰልፉ አውጥተው መድረኩ ላይ አቆሟትና ለስድስት መቶ ተማሪ፣ «ይህችን እዩ፤ እናት የሌላት ትመስላለች» አሉ። ስድስት መቶ ልጅ ሳቀ። እናት አላት፤ በዚያች ሰዓት ጎግ ውስጥ ስልሳ የሰው ልጆች ታስተምር ነበር። ከስልሳዎቹ ብዙዎቹ የአንድ ሰዓት መንገድ ብቻቸውን በእግራቸው የሚመጡ ናቸው፤ ጽጌ ግን የአንዳቸውንም አዝራር ለሌሎቹ አሳይታ አታውቅም። ምናልባት የርስዎን ያህል ሥልጠና ስላላገኘች ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ከኅዳር 16 ቀን ጀምሮ እንዲሠራበት ኒሙ ላይ ስለለጠፉት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። «የትምህርት ቤቱን መልካም ገጽታ ለመጠበቅ ሲባል ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያለ ተማሪ በወላጁ ወይም በሕጋዊ አሳዳጊው እጅ ተይዞ ካልመጣና አምጪው በመዝገብ ካልፈረመ ወደ ግቢ አይገባም» ይላል። አዲሱ የክልሉ ማኅተም ሁለት ጊዜ ተመትቶበታል፤ አንደኛው ሳይታይ ይቀራል ብለው ሳይሆን አይቀርም። በነሐሴ እግር የነበራቸው ልጆች በኅዳር እጃቸው እንዲያዝ ተፈረደባቸው። ክልሉ ራሱን ማስተዳደር ይችላል፤ የክልሉ ልጅ ግን በሩን አልፋ ለመግባት ሞግዚት ያስፈልጋታል። የትኛው ንግግርዎ እንደተሻረ እንድናውቅ ቢያንስ በነሐሴው ላይ መስመር ቢያሰምሩበት መልካም ነበር።

ማስታወቂያውን እኔ አላየሁትም። አንድ ሰዓት ላይ ሥራ የሚገባ ሰው ሁለት ሰዓት ላይ የሚከፈት በር አጠገብ አይደርስም። የአጁሉ እናትም አላየችውም፤ ብታየውም አማርኛ ማንበብ አትችልም። ልጆቹን የመለሷቸው ራስዎ ነበሩ። በበሩ ላይ ቆመው «ተመለሱ» ብቻ ይሉ ነበር። ለምን እንደሚመለሱ ለስምንት ዓመት ልጅ ማብራራት ከክብርዎ የሚያጎድል ስለሆነ አልፈረድኩብዎም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለዘጠኙ ቀናት ነው። ልጄ ዘጠኝ የትምህርት ቀናት በተከታታይ ተነሣች፣ ታጠበች፣ ለበሰች፣ በላች፣ በሩን ቆለፈች፣ ከበርዎ ደረሰች፣ ተመለሰች። ቤት እንዳትገባ ጎረቤት አይቶ ለአባቴ ይነግርብኛል ብላ ፈራች። ስለዚህ ከአጁሉና ከሌሎች የተመለሱ ልጆች ጋር በባሮ ዳር ከማንጎዎቹ ሥር እየተቀመጠች እስከ ስድስት ሰዓት ትቆያለች። ደብተሯን ታወጣለች፤ አጁሉ የሦስተኛ ክፍሏን ሒሳብ ታሳያታለች። አዞ የሚወጣበትን ዳር ከኔ ይልቅ አጁሉ ስለምታውቅ ውኃው አጠገብ ማንንም አላስደረሰችም። ሲደወል ተነሥተው እንደ ተማሪ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። እኔም ምሳ ሰዓት ላይ ገብቼ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» እላታለሁ። እሷም ትነግረኛለች። ሒሳብ መማሯ እውነት ስለነበረ አልዋሸችኝም።

አራተኛ ብዬ የምጽፈውን በቁጥር ላስገባው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። እንዲሁ ልናገረው።

ኅዳር 26 ቀን ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ካርድ ይዘው የተሰለፉትን ታማሚዎች በማየት ላይ ነበርኩ። መቅደላዊት ሰልፉን አልፋ ገባች። አላለቀሰችም። ያላበው ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ቆመች።

«አባዬ፣ አጁሉን እባብ ነክሷታል» አለችኝ።

«የት ላይ?»

«እግሯን። ማንጎው ሥር ነን። እንዳትነሣ ነግሬያታለሁ። ቢየልን ጠርቼው አጠገቧ ነው።»

ቢየል ማን እንደሆነ ክቡርነትዎ ያውቃሉ፤ የበርዎ ጥበቃ ነው። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ቃሬዛ ይዘን ስንሮጥ ደረስን። ቢየል ሸሚዙን አውልቆ ከአጁሉ ራስ ሥር አድርጎላታል። እሷ እግሯን ዘርግታ ተኝታለች፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሁለት ነጥብ ይታያል፤ ከንፈሯ ደርቋል። ሌሎቹ ልጆች ራቅ ብለው ቆመዋል። አጁሉ አየችኝና በመጀመሪያ ያለችው፣ «ለእናቴ ማን ይነግራታል?» ነበር።

መድኃኒቱ በዚያ ሳምንት በሆስፒታሉ ነበረ። በሌላ ሳምንት ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሌላ ቋንቋ ነበር። እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጦ ሁለት ሳምንት ተኛች። እናቷ ሕፃኗን እንዳዘለች ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ከረመች፤ በቆሎዋን ጦጣ በላው። አጁሉ ዛሬ ትሄዳለች፤ ትንሽ ታነክሳለች።

በዚያው ቀን ልጄን አስቀምጬ ለምን ትምህርት ቤት እንዳልነበሩ ጠየቅኋት። የዘጠኙን ቀን ነገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ፣ «አዝራሬ የተጣመመ መስሎኝ ነው» አለችኝ። ለካ በበሩ ላይ ሲመልሷት ከመድረኩ ቀን የቀጠለ ቅጣት መስሏት ኖሯል። በየቀኑ ቀደም ብላ እየተነሣች አዝራሯን ሦስት ጊዜ ትቆጥራለች። ማዕዘኑ ላይ አጁሉ ደግማ ትቆጥርላታለች። ከዚያ ሄደው ይመለሳሉ። በማግሥቱ ደግሞ ከበፊቱ ቀድማ ትነሣለች። ክቡር ሆይ፣ ብዙ ሕመም አይቻለሁ፤ ስለ ሕመም ስነግርዎ ይመኑኝ።

በማግሥቱ ቢሮዎ መጣሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ ካስጠበቁኝ በኋላ የተነጋገርነውን ሕዝብ ቢያውቀው አይከፋዎትም ብዬ አምናለሁ።

«ብቻዋን የመጣች ልጅ ወላጅ እንደሌላት ትቆጠራለች» አሉኝ።

«ወላጇ እኔ ነኝ፤ ብቻዋን እንድትመጣ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ» አልኩዎት።

«እናትየዋስ?»

«ጎግ ናት። ታስተምራለች።»

«ልጅ ያላት ሴት ጎግ ምን ትሠራለች?»

የዝውውር ደብዳቤዋን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛዎ ላይ አኖርኩት፤ ከማስታወቂያዎ ጋር አንድ ዓይነት ማኅተም አለበት። አላነበቡትም። በምትኩ መዝገብ ገልጠው፣ ዘጠኝ ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ተማሪ በደንቡ እንደሚሰረዝ፣ ዘጠኙንም ቀን የቀሩት የመቅደላዊትና የአጁሉ ስም እንደተሰረዘ ነገሩኝ። ራስዎ በበሩ ላይ ቆመው የመለሷትን ልጅ፣ ራስዎ ቀረች ብለው ሰረዟት። እንዲህ ያለ ሙሉ ሥራ በአንድ ሰው እጅ ሲሠራ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ያላወቁት ያንብቡት። የሁለተኛ ክፍሏ መምህርት ሶስና ነገሩን በሰማች ማግሥት ማለዳ ወጥታ በበሩ ላይ ቆመች፤ የተመለሱትን አሥራ አንድ ልጆች አንድ በአንድ እጃቸውን ይዛ እያስገባች በመዝገቡ ላይ «አሳዳጊ» ብላ ፈረመች። የኔንም ልጅ፣ ስሟ ከዝርዝር የተሰረዘውን፣ ከፊት ወንበር አስቀመጠቻት። ከገና በኋላ ሠላሳ ስምንት ወላጆች ተሰብስበን ተመካከርን። ጥር 5 ቀን ሰኞ ማንኛችንም ልጅ ይዘን አልመጣንም። ሃምሳ ሁለት ልጆች ብቻቸውን መጡ። አንዳንዱ ጫማውን አቀያይሮ አድርጎ ነበር፤ አንዷ ቦርሳዋን ረስታ ጀሪካን ይዛ መጣች። ቢየልም በሩን ከፈተ። በማን ትእዛዝ ብለው ሲጠይቁት፣ «ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት በር ይከፈታል» አለዎት። ከዚህ የሚበልጥ የትምህርት መመሪያ በዚህ ክልል እስካሁን አልተጻፈም።

ማስታወቂያው ከኒሙ ላይ በጸጥታ ወረደ። ሚስማሩ ብቻ ቀረ። የልጄም ስም ተመለሰ፤ ስለዚህ በእውነት ላመሰግንዎ ይገባ ነበር። ነገር ግን ጥር 7 ቀን ለቢየል በሩን ትቶ ሄዷል፣ ያለ ትእዛዝም ከፍቷል በሚል፣ ለመምህርት ሶስና ደግሞ ሐሰተኛ ፊርማ ፈርማለች በሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጧቸው። ቢየል በሩን ትቶ የሄደው ከማንጎው ሥር በእባብ ከተነከሰች ተማሪዎ አጠገብ ለመቀመጥ ነው። ሶስና አሳዳጊ ነኝ ብላ የፈረመችው፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ቃሉ የሚገባው ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው።

የአጁሉ ስም እስከ ዛሬ እንደተሰረዘ ነው። የኔ ልጅ ስትመለስ እሷ ለምን እንዳልተመለሰች ብዙ አሰብኩ። ሁለቱም ዘጠኝ ቀን ተመልሰዋል፤ ሁለቱም በአንድ ማንጎ ሥር ተቀምጠዋል። ያገኘሁት ልዩነት አንድ ብቻ ነው፤ የአንዷ አባት ደብዳቤ መጻፍ ይችላል። ምክንያቱ ይህ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ለአጁሉም የምጽፈው እኔ ነኝ። ምን እንደምጽፍ እናቷ ስትጠይቀኝ ነገርኳት፤ አውራ ጣቷን ከስሜ አጠገብ አትማለች። የልጅቱ ስም እስኪመለስና ሁለቱ ማስጠንቀቂያዎች ተቀድደው እስኪጣሉ ድረስ በየሳምንቱ ሐሙስ እጽፋለሁ። ወረቀት ካለቀብኝ በሆስፒታሉ ካርቶን ላይ እጽፋለሁ። ከኒሙ ላይ ቢነቅሉት በገበያው እለጥፈዋለሁ።

ልጆችን ራሳቸውን እንዲችሉ ስላስተማሩበት፣ ይኸውም ራስዎን በመንገዳቸው ላይ በማቆም ስላስተማሩበት ልዩ ዘዴ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ለጤናዎና ለዕረፍትዎ ከማንም ይልቅ በማሰብ፣ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

በእጁ ምንም ሳይሠራ መቆምን በጳጉሜን የተማረው፣
ወንዳፈረው፣ ጤና ረዳት
እና የአጁሉ እናት (የአውራ ጣት አሻራ)

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቢሮ፣ ላነበበው ሰው ካለ
ለወላጆች ኮሚቴ
ለመምህርት ሶስናና ለአቶ ቢየል፣ ከማስጠንቀቂያቸው ጋር አብሮ እንዲቀመጥ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በአክብሮት በእጅዎ ለማስረከብ አስቤ ከአለቃዬ ፈቃድ ወስጄ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮዎ ብመጣ አላገኘሁዎትም፤ እንደ ኅዳሩ የሚመለስ ልጅ ከሌለ ማለዳ አይወጡም መሰለኝ። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ብመጣም አልነበሩም። ትናንት ረቡዕ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቢየልን ጠይቄው፣ «ገና ከቤት አልወጡም፤ ባለቤታቸው ሸሚዝ እየተኮሱላቸው ነው» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ጠዋት ለብዙ ሰው ከባድ ነውና አይፈሩበት። መቅደላዊት ቅዳሜ ነፃ ናት፤ መጥታ ልታለማምድዎ ፈቃደኛ መሆኗን እንድነግርዎ ጠይቃኛለች። ትዕግሥተኛ ናት፤ መድረክ ላይም አታወጣዎትም።